ገና ያልታዘዘው ሽሮፕ

ተረት ተረት፣ የኮምፒውተር በረት!

አስካለ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ትርሲት ትኩሳት ያዛትና አዝላት ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ አያትና በኮምፒውተሩ ሽሮፕ አዘዘላት። የቀረው መድኃኒት ቤት ሄዶ መቀበል ብቻ ነው። ብቻ! ወይ ብቻ!

የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር፣ «አልሰጥም» አለ። «ሐኪሙ ያዘዘው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ጋ ገና ሦስት ነው። ያልታዘዘ መድኃኒት አልሰጥም። ሰዓቴን የምወስደው ከካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ነው፤ እሱን አናግሪ።»

ወደ ካርድ ክፍሉ ሄደች። «ካርድ ክፍል፣ ሰዓትህን አስተካክል! መድኃኒት ቤቱ ሽሮፕ አልሰጥም አለ፤ ትኩሳቱ ትርሲትን አልለቅም አለ!»

«አላስተካክልም። እኔም የምወስደው ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ነው።»

ወደ ሰርቨሩ ሄደች። «ሰርቨር፣ ሰዓትህን አስተካክል! ካርድ ክፍሉ አላስተካክልም አለ፤ መድኃኒት ቤቱ ሽሮፕ አልሰጥም አለ፤ ትኩሳቱ ትርሲትን አልለቅም አለ!»

«አላስተካክልም። ቅድም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አስተዳዳሪው አቶ እንግዳወርቅ ናቸው በእጃቸው የሞሉኝ።»

ሰው ይበግናል እኮ! ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄደች። «ጋሼ፣ ኧረ በእግዜር ሰዓቱን ያስተካክሉልኝ! ሰርቨሩ አላስተካክልም አለ፤ ካርድ ክፍሉ አላስተካክልም አለ፤ መድኃኒት ቤቱ ሽሮፕ አልሰጥም አለ፤ ትኩሳቱ ትርሲትን አልለቅም አለ!»

አቶ እንግዳወርቅ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩዋት። «አላስተካክልም! ከዚህ አይቼ ነው የሞላሁት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ፀሐይዋን አታዪም?»

እውነታቸውን ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ሰርቨሩ ግን የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው፤ ሦስት ሲሉት ሌሊት መሰለው። ሌሎቹም እሱን ሰምተው አብረው ሌሊት ገቡ። የራሱን ሰዓት የሚቆጥረው የሐኪሙ ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ እሱ ጋ የጠዋቱ ሦስት በፈረንጅ ዘጠኝ ነው።

አስካለ ምርር አላት። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እሳቸው ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«የእርስዎ ሰዓት ልክ ነው፣ ጋሼ። በቃ፣ ልክ ነው! መድኃኒት ቤቱ ግን ዘጠኝ ካልሆነ አልሰጥም አለኝ። እስቲ ግንባሯን ይንኩት።»

ነኩት። «ኧረ በማርያም! ይቺ ልጅ እኮ እየነደደች ነው!»

ትርሲትን እንዳቀፉ ወደ ሰርቨሩ ሮጡ። ሦስቱን አጥፍተው ዘጠኝ ሞሉ። ሰርቨሩ ለካርድ ክፍሉ ነገረው፤ ካርድ ክፍሉ ለመድኃኒት ቤቱ ነገረው፤ መድኃኒት ቤቱ ሽሮፑን ሰጠ፤ ሽሮፑ ትርሲት አፍ ገባ።

«ይመራል!» ብላ ጮኸች፣ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ ያላሰማችው ልጅ። አስካለ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ እኔም ደክሞኛል።