ከገዛ ቀዳዳዋ የወደቀች ወፍ

አንድ ከእንጨት ጌጥ የሚሠራ ሰው በአንዲት ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አስራደ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምህንድስና የተማረ ቢሆንም፣ እንጀራውን የሚበላው ከስስ ሳንቃ ላይ ጉትቻና የአንገት ጌጥ እየቆረጠ ነበር። መጋዝ አይነካም። ሥዕሉን በኮምፒውተር ይነድፋል፤ ሌዘር የሚባለው ማሽን ደግሞ ከመርፌ ጫፍ በቀጠነ የብርሃን ጨረር እንጨቱን በሥዕሉ ዙሪያ እያቃጠለ ይቆርጠዋል። ጨረሩ ዞሮ ሲጨርስ ጌጡ ከሳንቃው ተላቆ ጠብ ይላል። አስራደ ያነሣዋል፣ ጠርዙን ያለሰልሰዋል፣ መንጠቆ ያበጅለታል፤ እሑድ እሑድ ባዛር ያወጣዋል።

የባዛር ቦታው ግን ገበያ የሚያሳይ አልነበረም። ከጓሮ በኩል፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ነው። ገዢ እዚያ የሚደርሰው ወይ መንገድ ጠፍቶት ወይ ሽንት ቤት ፈልጎ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ማኅበር አባል ሳለ ጠረጴዛው በዋናው በር መግቢያ ላይ ነበር። ያኔ የነደፈው አንድ የጉትቻ ቅርጽ ከተማውን አዳረሰ። አንድ ሌላ አባል ቅርጹን ሰረቀና ቀድሞ ሄዶ «አስራደ ሰረቀኝ» ብሎ ከሰሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል ነገሩን ሳያጣሩ፣ ባዛሩ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይዘው «በመካከላችን ሌባ ተገኝቷል፤ ስሙም አስራደ ነው» ብለው አወጁ። አስራደ ጠረጴዛውን ተሸክሞ በሕዝብ መካከል አልፎ ወጣ። ወሬው አገር ቤት ድረስ ሄዶ አባቱ ጆሮ ገባ። አባቱ ለቅሶ ቤት፣ ሰንበቴ ቤት፣ በየደረሱበት የልጃቸውን ስም ሲከላከሉ ከርመው፣ እውነቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ አስራደ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም። ከእንጨት ጋር ግን ይነጋገራል።

አንድ እሑድ፣ ከጎኑ ማር የምትሸጠው ትርንጎ ሥራ አዘዘችው።

«ኢንጂነር» አለችው፤ ነገር ሲያምራት እንዲህ ነው የምትጠራው። «ልጄ ልትመረቅ ነው። የአንገት ጌጥ ሥራልኝ። ነጣ ባለ እንጨት ውስጥ ጠቆር ያለች ወፍ ትግባበት። ከላይ የተለጠፈች አልፈልግም። በእጄ ስዳስሳቸው ሁለቱ እንጨቶች አንድ ይሁኑ።»

«ቀላል ነው፣ እትዬ ትርንጎ።»

«ቀላል ነው ስትል ነው የምፈራህ። ዣንጥላዬንም ልጠግን፣ ቀላል ነው ብለህ ነው የገደልክብኝ።»

እሱ ግን አልተጠራጠረም። ቤቱ ገብቶ አንዲት ወፍ ነደፈ። በዚያችው ንድፍ ከዋንዛ ሳንቃ ላይ ወፍ ቆርጦ አወጣና ቀዳዳውን አስቀረ። በዚያችው ንድፍ ከወይራ ሌላ ወፍ ቆረጠ። የወይራዋን ወፍ በዋንዛው ቀዳዳ ውስጥ አስቀመጣት። ልክክ ያለች መሰለች። ሳንቃውን ከጠረጴዛው ብድግ ሲያደርገው ግን ወፏ ሾልካ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

«ወይራው ይሆናል» አለ ለራሱ። እንጨት ከእንጨት ይለያል። እንግዲያው ብሎ ያችኑ የዋንዛዋን ወፍ አነሣና ወደ ገዛ ቀዳዳዋ መለሳት። ከዚያው የወጣች ናት፤ ሌላ ቤት አታውቅም። ሳንቃውን ብድግ አደረገው። እሷም ወደቀች።

ነገሩ ገረመው። ስንት ዘመን ጌጥ ሲቆርጥ ኖሯል፤ ጌጥ የሚሸጥ ሰው ግን የሚያየው የወጣውን እንጂ የቀረውን ቀዳዳ አይደለም። ቀዳዳ የሞላውን ሳንቃ እየሰባበረ ለማገዶ ሲሰጥ ነው የኖረው። አሁን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳው፦ ከዚህ የወጣች ወፍ ስለ ምን ወደዚህ መመለስ አቃታት?

በማግስቱ ወፏን ቀዳዳዋ ውስጥ በጣቱ ደግፎ ወደ መስኮቱ አስጠጋት። በዙሪያዋ ፀጉር የምታክል የብርሃን መስመር አየ። ክፍተት ነው። ወረቀት ሰደደበት፤ ወረቀቱ ሰተት ብሎ ገባ። ሳንቃው ይኸው፤ ወፏም ይችው፤ ታዲያ በመካከላቸው የነበረው እንጨት የት ሄደ? ወለሉን ጠረገ፤ ብናኝ አላገኘም። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ፈተሸ፤ እዚያም የለም። በመጨረሻ የጭስ ማስወጫውን ቱቦ ፈታና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ጣቱ ጥቀርሻ ለብሶ ወጣ።

ያን ጥቁር ጣቱን አገላብጦ አየው። ጨረሩ ምንም ቢቀጥን ውፍረት አለው። የሚያልፍበትን ሁሉ ጭስ ያደርገዋል፤ ግማሹን ከወፏ ጠርዝ፣ ግማሹን ከሳንቃው ጠርዝ ይበላል። ወፏ አንሳለች፤ ቀዳዳዋም ሰፍቷል። ቆራጩ ደግሞ ከሁለቱም የበላውን አያውቅም፤ ጭሱ በቱቦው ወጥቶለታል።

እንደገና ነደፈ። በሌላ የዋንዛ ሳንቃ ላይ ቀዳዳ ቆረጠ፤ የወይራዋን ወፍ ግን ከቀዳዳው ፀጉር በምታክል አሳድጎ ቆረጣት። በአውራ ጣቱ ሲጫናት ቀጭ ብላ ገባች። ሳንቃውን ገለበጠው፣ አራገፈው፣ ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ንቅንቅ አላለችም።

በሚቀጥለው እሑድ ትርንጎ የወፏን ዳር ዳር በጥፍሯ ፈለገች፤ ስፌቱን አጣችው። «በል፣ ዣንጥላዬን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ገና ሲሳሳቁ አቶ ጓንጉል ከዘራቸውን ይዘው በጄኔሬተሩ በኩል ብቅ አሉ።

«አስራደ ልጄ፣ እንዴት ከረምክ?»

«እንደ ጄኔሬተሩ ነኝ። እየጨስኩ።»

አቶ ጓንጉል ሳል ቢጤ አሰሙ። «ሰምተህ ይሆናል። ያ የከሰሰህ ሰው የሌላ ሰው ንድፍ ሲሰርቅ ተያዘና ያንተንም ጭምር ተናዘዘ። እናም የመግቢያው ቦታ ላንተ ተመልሷል። የሚመጣው እሑድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትረከባለህ።»

 አስራደ ያን ቦታ በሕልሙ ሳይቀር ሲያየው ኖሯል።

«አንዲት ነገር ብቻ» አሉ አቶ ጓንጉል። «ድምፅ ማጉያውን ትይዝና ‹ተክሻለሁ፤ የጎደለብኝ ነገር የለም› ትላለህ። አባላቱ እኔን እያሙ ነው። ነገሩ ይዘጋ።»

«ካላልኩስ?»

«እንግዲህ ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል።»

«ወይ ጉድ! የሰው ሲመልስ ምርቃት የሚጠይቅ!» አለች ትርንጎ፣ የማር ጠርሙሶቿን የምታነጋግር መስላ።

አስራደ ከዕቃው መካከል ያን የዋንዛ ሳንቃና የዋንዛዋን ወፍ አወጣ። «አቶ ጓንጉል፣ ይህች ወፍ የተቆረጠችው ከዚህ ሳንቃ ነው። እስቲ ወደ ቦታዋ ይመልሱልኝ።»

ሰውየው ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ወፏን በጥንቃቄ አስገቧት። «ይኸው፣ ገባች።»

«አሁን ሳንቃውን ብድግ ያድርጉት።»

ወፏ ጫማቸው ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብለው አነሷት፤ መለሷት፤ እንደገና ወደቀች። አሁን እሳቸውም ነገሩ ገረማቸው። ሳንቃውን ወደ ብርሃን አንሥተው በቀዳዳው አጮለቁ።

«ከዚሁ ነው የወጣች አላልክም?»

«ከዚሁ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደላት?»

«ሲቆርጧት ጭስ ሆኖ የሄደው።»

 አቶ ጓንጉል ሳንቃውን ዝቅ አድርገው «ጭስ እንደሁ አይለቀም፤ ከየት ላምጣልህ?» አሉ።

«ያምጡ አላልኩም። የጎደለ የለም በል ግን አይበሉኝ። አባቴ ሌባ መባሌን ሰምተው፣ አለመሆኔን ሳይሰሙ ነው የተቀበሩት።»

ሽማግሌው ወፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ደኅና ዋል ሳይሉ ሄዱ።

እሑድ ደረሰ። አስራደ የሚሆነውን ባያውቅም ጠረጴዛውን ተሸክሞ በዋናው በር መጣ። ሕዝቡ ተሰብስቧል። አቶ ጓንጉል ድምፅ ማጉያውን ሰጡት።

«ቦታዬ ተመልሶልኛል» አለ። «ለዚህ አመሰግናለሁ። ‹የጎደለብኝ የለም› እንድል ተነግሮኝ ነበር። እሱን አልልም፤ ጎድሎብኛልና።»

ማጉያውን መለሰና ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ሊያነሣ ያዘው። ቦታው ከእጁ እንደ ወጣ እርግጠኛ ነበር።

«ተው፣ አስቀምጠው» የሚል ድምፅ በማጉያው ተሰማ። አቶ ጓንጉል ናቸው። ፊታቸው ወደ ሕዝቡ ነው። «ቦታውን መልሰንለታል» አሉ። «ሌባ ሳይሆን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ማጉያ። አባቱ ይህን ሳይሰሙ አርፈዋል። ይህንን ግን መመለስ አልችልም።»

 ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። አስራደ ጠረጴዛውን ለቀቀና ጉትቻዎቹን መደርደር ጀመረ። 

ወዳጄ ሆይ፣ የወሰዱትን መመለስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተቆረጠ ነገር ሁሉ ጭስ ሆኖ የሚቀር አለ። የወሰዱትን ልክ በልኩ ብቻ ቢመልሱት ከቦታው ይወድቃል። የሚያጸናው ፀጉር የምታክል ጭማሪ ናት፤ ጭማሪዋም «ይህንንስ መመለስ አልችልም» የምትል የእውነት ቃል ናት። ይህችን ቃል ነፍጎ «በቃ ተክሻለሁ በል» የሚል ሰው የተቆረጠውን ሁለተኛ ይቆርጣል።

እርስዎስ የበደሉትን ሰው «መልሼለታለሁ» ከማለትዎ በፊት፣ ጭስ ሆኖ የቀረበትን ጠይቀውት ያውቃሉ?