የስንዱ የዘብ ተራ

አንድ ጊዜ፣ ጉም በማይለየው ገደል አፋፍ ላይ፣ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖሩ ሽኮኮዎች ነበሩ። ኑሯቸው በተራ ነበር። ሌላው ወርዶ ሣር ሲግጥ አንዱ ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዘብ ይቆማል። ጅብ ሲመጣ ካየ ያፏጫል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደየስንጥቁ ይሮጣል። ከዚህ ሌላ አጥር የላቸውም፣ በር የላቸውም፤ ጥርሳቸውም ቢሆን ለሣር እንጂ ለጅብ አይሆንም። ነፍሳቸው ያቺ ፉጨት ናት።

ከመካከላቸው ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። እናቷ ያን ስም ያወጡላት ምን አይተው እንደሆነ እንጃ! የስንዱ ቤት ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ አቧራ ነው። ለመኝታዋ ሣር ልታመጣ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ የበሰለ እንጆሪ ታያለች፤ እንጆሪውን ስትለቅም የታመመች ጎረቤት ትዝ ትላታለች፤ እሷን ልትጠይቅ ስትሮጥ ሣሩም እንጆሪውም እዚያው ይቀራል። ሰነፍ እንዳትሏት ብቻ። ከሰፈሩ ሁሉ አብዝታ የምትሮጠው እሷ ነበረች። ሐሳቧ ግን እንደ ፌንጣ ነው፤ እዚህ ነው ሲሉት እዚያ።

«ያልጀመረችው ሥራ የለም፤ የጨረሰችውን ግን እስቲ አሳዩኝ!» እያሉ ጎረቤቶቿ ይሳሳቁባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። ስቃ ስታበቃ ስንጥቋ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች።

ሳቁ ያበቃው ባለፈው ተራዋ ነው። ትልቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ቢራቢሮ አለፈች። ስንዱ መጀመሪያ በዓይኗ ተከተለቻት፣ ቀጥላ በአንገቷ፣ ኋላ በእግሯ። ስትመለስ ጅቡ መካከላቸው ነበር። የእትዬ ድንቄ ልጅ ከአፉ ያመለጠችው የኋላ እግሯን አስነክሳ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ቋጥሬ ሁሉንም ሰብስበው ተናገሩ።

«ስንዱ፣ ልጄ፣ አንቺን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ዳግመኛ በተራሽ ብትዘነጊ ከዚህ ቋጥኝ ትወጫለሽ።»

ከቋጥኙ መውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከታች ያለው የአያ ጅቦ ሜዳ ነው።

«ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ፣ አባ» አለች ስንዱ።

«ለማን? ሁሉም የየራሱ ተራ አለው። ዓይን ያለው ሁሉ ዘብ ይቆማል።»

«ዓይንስ አላት» አለች እትዬ ድንቄ ልጇን እቅፍ አድርጋ። «የሌላት ልብ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ለስንዱ የሣር ጣዕሙ ጠፋት። ተራዋ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከቋጥኙ ሥር የሚኖሩት እማማ ኤሊ ጥግ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ ብርድ ነው?»

«ነገ ተራዬ ነው፣ እማማ። ጅብማ ማንም ይፈራል። እኔ የምፈራው ይህን ጭንቅላቴን ነው። ‹ዛሬስ ንቅንቅ አልልም› ብዬ እምላለሁ። መሄዴን የማውቀው ከሄድኩ በኋላ ነው!»

«መማልሽ ምን ሊረባሽ? እኔ መሮጥ አልችልም። እሮጣለሁ ብዬም ምዬ አላውቅ፤ ቤቴን ተሸክሜ እዞራለሁ እንጂ። አንቺም የማትችዪውን ተዪውና ዘዴ ፈልጊ። ለመሆኑ ሐሳብ ሲመጣብሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አባርረዋለሁ።»

«ይሄዳል?»

«ይብስበታል እንጂ!»

«እንግዲያው አታባሪው። ጠጠር ይዘሽ ውጪ። ሐሳብ በመጣ ቁጥር አንዲት ጠጠር አጠገብሽ አስቀምጪና ‹አንተን ስወርድ አነጋግርሃለሁ› በዪው። እሱም ቦታ ያገኛል፣ እጅሽም ሥራ አይፈታም። ጠጠሮቹን ደግሞ አሁኑኑ ልቀሚና ደጃፍሽ ላይ ከምሪያቸው፤ ጠዋት ሳያደናቅፉሽ እንዳትወጪ። እኔም መጥቼ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ ዘብ አልሆንልሽም። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ያን ድንጋይ እንዴት አድርገው ይወጡታል?»

«አሁን ከጀመርኩ እስከ ነገ እደርሳለሁ» አሉና መንገድ ጀመሩ።

በዚያው ሰዓት እመት ቀበሮ ከሜዳው ማዶ ጅቡን ታማክር ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ደስ ይበልህ! ነገ ዘብ የምትቆመው ስንዱ ናት።»

«የትኛዋ ስንዱ?»

«ያቺ ቢራቢሮ የወሰደቻት!»

ጅቡ ዓይኑን አፈጠጠ። «ሽኮኮ የምትወስድ ቢራቢሮ? ምን ብታክል ነው! እኔንም እንዳትወስደኝ!»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ልቧን ነው የወሰደችው! አንተ ዝም ብለህ በጉሙ ውስጥ ና። እኔ ስንዱን በወሬ እይዛታለሁ። ለእኔ ትንሽ ታስተርፍልኛለህ።»

«ካልጠገብኩ አላስተርፍም» አለ ጅቡ፤ ጠግቦ ግን አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ የገዛ እጅን እንኳ አላሳይ ብሎ ወረደ። ስንዱን ጠጠሮቿ አደናቀፏት፤ አቅፋቸው ወጣች። እማማ ኤሊ ድንጋዩ ላይ ደርሰው፣ አንገታቸውን አስግገው ቅጠል ያኝካሉ። ከታች የሚታይ ነገር የለም፤ ልጆች ሣር ሲነጩ ይሰማል፣ ከመካከላቸውም የአንዷ የተጎተተ እርምጃ። የእትዬ ድንቄ ልጅ እንደሆነች ስንዱ አወቀች።

ሐሳቦቹ ወዲያው ደረሱ። እንጆሪው ተለቅሟል ወይ? አንዲት ጠጠር አስቀመጠች። መኝታዬ እርጥብ ነው። ሌላ ጠጠር። ያ የሚጮኸው ምን ወፍ ነው? ሌላ።

ከጉሙ ውስጥ ለስለስ ያለ ድምፅ መጣ።

«እትዬ ስንዱ! እንዴት አደርሽ፣ እህቴ? እትዬ ድንቄ ትናንት ስላንቺ ያለችውን ሰማሽ?»

የስንዱ ጆሮ ቆመ። «ምን አለች?»

«ይህማ ጮክ ተብሎ አይወራም። ትንሽ ብቻ ጠጋ በዪ።»

እግሯ ተነሣ። ሊረግጥ ሲል የእማማ ኤሊን ማኘክ ከጎኗ ሰማች። እግሯን አየችው፤ በአየር ላይ ነው። መልሳ አሳረፈችውና ጠጠር አስቀመጠች።

«አቆዪልኝ፣ እመት ቀበሮ። ስወርድ እሰማሻለሁ።»

«ስለ ልጅቷ እግር እኮ ነው! ‹እድሜ ልኳን የማትድነው በስንዱ ነው› ብላለች!»

ይህኛው ሐሳብ ለጠጠር ከበደ። ድንጋዩ፣ ጉሙ፣ ሁሉም ከስንዱ ራቀ። የተነከሰውን እግር ብቻ አየች።

«እማማ» አለች በሹክሹክታ፣ «የት ነኝ?»

«ድንጋዩ ላይ ነሽ» አሉ እማማ ኤሊ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ስንዱ እያለቀሰች ጠጠሯን አስቀመጠችና ወደ ጉሙ አፈጠጠች። ወፉ ጸጥ ብሏል። ከነጩ ውስጥ፣ ትከሻው ከፍ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ አንድ ጥቁር ነገር እየወፈረ መጣ።

አፏጨች!

ሜዳው በእግር ኮቴ ተናወጠ። ሁሉም ገባ፤ ያቺ የምታነክሰው ብቻ ቀረች። ስንዱ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ ልጅቷ በጉሙ ውስጥ አቅጣጫ እንዳይጠፋት፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ አፏጨች። የጅቡ ጥርስ ድንጋይ ላይ ሲንቋቋ ልጅቷ ስንጥቁ ውስጥ ነበረች።

እማማ ኤሊ አንገታቸውን ከተቱ፤ ስንዱም ከድንጋዩ ሥር ተወሸቀች።

«ቁርስ ተጠርቼ ባዶ አፌን አልመለስም!» ብሎ ጅቡ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። ሩጫቸው በጉሙ ውስጥ ራቀ፣ አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ዝም። ምን እንደሆነ ያየ የለም፤ ቀበሮዋም በዚያ በኩል ዳግመኛ አልታየችም።

ጉሙ ሲነሣ ሽኮኮዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አባ ቋጥሬ ስንዱን አዩ፣ ጠጠሮቹን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ትቆያለሽ» አሉ። እትዬ ድንቄ ግን ድንጋዩን ወጥታ ከስንዱ ጎን ተቀመጠች።

«ተራሽ አይደለም እኮ» አለቻት ስንዱ።

«እማማ አሁን ካልወረዱ ይመሽባቸዋል። በይ አንቺ ሜዳውን እዪ፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

ስንዱ ሜዳውን አየች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እሷ ግን ድንጋዩ ላይ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው ልቡ ለሚበተንበት ሰው መሐላና ስድብ እንደማይበጀው፣ የሚበጀው ለራሱ የሚስማማ ዘዴና ዝም ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ ጎረቤት መሆኑን ነው።