የድንቢጦቹ ሩዝ

አንድ ባኦ የሚባል ሀብታም ገበሬ በቻይና አገር ይኖር ነበር። በዚያ አገር በጸደይ ወራት ቀኑና ሌሊቱ እኩል የሚሆኑበት ዕለት ይከበራል። የባኦ መንደር ሰዎችም በዚያ ዕለት፣ ሲበስል እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ሩዝ ቀቅለው ያድቦለቡላሉ። ከፊሉን ከቤተሰባቸው ጋር ይበላሉ፤ የቀረውን በቀርከሃ እንጨት ጫፍ እየሰኩ እርሻቸው ዳር ያቆሙታል። ድንቢጥ መጥታ ሩዙን ስትቀምስ አፏ ይጣበቅና ዘር መልቀሙን ትተዋለች ይባላል። መተዋን እንኳ እነሱ ድንቢጦቹ ይወቁ። ብቻ የባኦ ድቡልቡሎች ከመንደሩ ሁሉ ትልልቆቹ ነበሩ፤ እሱም ይህን ሳያወራ አይውልም ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት በዋዜማው፣ ድስቱ እሳት ላይ እንዳለ፣ ጎረቤቱ ሹዪንግ በሩን አንኳኳች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች።

“ጌታዬ፣ ለልጆቼ አንድ ሳህን ሩዝ ቢሰጡኝ። በአዝመራው ጊዜ መጥቼ አጭድልዎታለሁ” አለችው።

ባኦ በሩን በገላው ጋርዶ፣ “ውይ፣ ዘንድሮ እኛም አልተረፈን” አላት። የሩዙ ሽታ ግን እስከ ደጅ ይደርስ ነበር። እሷም ሸተታት፤ እሱም እንደሸተታት ዐወቀ። አመስግናው ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ባኦ ድቡልቡሎቹን ሰክቶ ቁርሱን ሊበላ ገባ። ሲመለስ ግማሾቹ እንጨቶች ባዷቸውን ቆመዋል፤ አንድ ሰው እርሻው ዳር አጎንብሷል። ማን እንደሆነ እንኳ ሳያጣራ “ሌባ! ሌባ!” ብሎ ጮኸ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሹዪንግ ነበረች፤ በቀሚሷ እቅፍ ሩዝ ቋጥራለች።

የመንደሩ ሽማግሌ ቀረብ ብለው “ልጄ፣ ምን ነካሽ?” አሏት። ልትመልስ ሞከረች፤ ግን ርሃቡ አላስችል ብሏት አንዱን ድቡልቡል ጎርሳው ኖሮ አፏ ተጣብቆ እምቢ አላት። አንዱ ከኋላ “ድንቢጧ ተያዘች!” ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷ እንባዋ ይወርድ ነበር።

እንደምንም ስትውጠው ሽማግሌው “ቸግሮሽ ከሆነ ለምን ሰው አልጠየቅሽም?” አሏት።

ባኦ “አሁን ጉዴን ታወጣዋለች” አለ በልቡ። ሹዪንግ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ደፋች።

“አልጠየቅሁም፣ አባቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ባኦ “እኔን ጠይቃኝ ነበር” ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። አላለም። በዚያ ዓመት ከማንም እርሻ እንዳትቃርም ተፈረደባት፤ ለእሷ ያ ማለት ልጆቿን የምታበላው ማጣት ነው። ፍርዱን ሲሰማም ዝም አለ።

ሲመሽ ባኦ አንድ ከረጢት ሩዝ ተሸክሞ፣ ሰው እንዳያየው በጓሮ ዞሮ ቤቷ ደረሰ። “ለምን አልተናገርሽብኝም?” አላት በሹክሹክታ።

“ሰው ሁሉ እየሳቀ በመሀል መቆም ምን እንደሆነ ዛሬ ነው ያየሁት። ለማንም አልመኘውም” አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችው። “ግን ልጠይቅዎ፣ ጌታዬ። የኔን አፍ ሩዝ ይዞት ነበር። የእርስዎንስ ምን ይዞት ነበር?”

ባኦ ከረጢቱን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ፣ በጓሮ እንደመጣ በጓሮ ተመለሰ፤ እፍረቱ እንቅልፍ ነሳው። በነጋታው ሰዉን ሰብስቦ፣ ፊቱ እየቀላ፣ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። ፍርዱ ተነሣላት። የወጣላት ስም ግን አልተነሣላትም። ያን ማለዳ ያልነበሩ፣ በኋላ የተወለዱ ልጆች እንኳ እስክትሞት ድረስ “ድንቢጧ” ይሏት ነበር። ባኦም በሰማው ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። ስለ ድቡልቡሎቹ ትልቅነት ዳግመኛ አላወራም።

ወገኖቼ፣ የተራበ ሰው ሲሰርቅ እጁ ይታያል። እኛ እያወቅን ዝም ስንል ግን ምንም ስለማይታይብን ንጹሕ እንመስላለን። እውነትን አንድ ቀን አሳድሮ መናገርም ካለመናገር ይሻላል፤ ግን በዚያች አንድ ቀን ሰው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አያነሣም። እስቲ ሁላችንም እናስብ፦ በእኛ ጥፋት ሌላው ሲዋረድ ቆመን ባየንበት ቀን፣ የእኛን አፍ ምን ይዞት ነበር?