የካሴቱ የመጨረሻ ሃያ ሰከንድ

አንዲት እናት አንድ ካሴት ነበራት። የተቀዳው ገጽ ርዝመቱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንዱ ጥርት ብሎ ይሰማል። የመጨረሻው ሃያ ሰከንድ አይሰማም።

ድምፁ የልጇ የይልቃል ነው። ጅቡቲ መርከብ ላይ ሥራ ሊጀምር ሲል ቀድቶ የላከላት ነው። "ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ" ይላል። ስለ ባሕሩ ያወራል፣ ስለ ሙቀቱ ያወራል። አንድም ጊዜ ግን "ናፍቀሽኛል" አይልም። በመጨረሻ "ደህና ሁኚ" ይላል፤ ከዚያ የሆነ ሹክሹክታ አለ፤ ከዚያ ቀጭ!

ከካሴቱ በኋላ ወሬው ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት።

አሥራ አንድ ዓመት ምን ስታደርግ የኖረች ይመስላችኋል? ሹክሹክታው ጋ ስትደርስ ድምፅ ትጨምራለች። ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል። ቃሉ ግን የለም።

አንድ ቀን ደሴ ውስጥ ቴፕ የሚጠግኑ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ሄደች።

"ስንት ጊዜ ሰማሽው?"

"ማን ቆጠረው!"

"ካሴቱ አለመበጠሱ ይገርማል።"

"እኔስ መች ተበጠስኩ፣ ጋሽ ዘርጋው።"

ሦስት ዓይነት አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ ነበራቸው። በመጀመሪያ ክላስ ዲ የሚባለውን ሞከሩ። አይሞቅም፣ አይበላሽም፤ በስድስት ዓመት አንዴም ለጥገና አልተፈታም። ግን ርካሽ ነበርና የራሱ የ"ሽሽ" ድምፅ ሹክሹክታውን ሸፈነው።

ቀጥለው ክላስ ኤቢውን ሞከሩ። በዚህኛው ድምፁን የሚያጎሉት ሁለት ትራንዚስተሮች እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ድምፁ ትልቅ ሲሆን ቅብብሉ አይታወቅም። አምፕሊፋየሩ ስላረጀ ግን ትንሽ ድምፅ ሲመጣ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ገና አልተቀበለም። ቃሉ መሐል ላይ ይሰበራል።

የቀረው ክላስ ኤ ነው። በዚህ ውስጥ የሚያርፍ የለም። ድምፅ ኖረም አልኖረም ኤሌክትሪኩ ይፈስበታል፤ ምንም ሳያሰማ እጅ ያቃጥላል። ጋሽ ዘርጋው አብርተውት እስኪረጋ ጠበቁ። እናቲቱም ጠበቀች። ከዚያ ካሴቱን ከፈቱ።

"መቅዳቱ ቆመ አይደል?" አለ ይልቃል ከካሴቱ ውስጥ።

"ቆሟል" አለው አንድ ጓደኛው።

"ናፍቀሽኛል ሳልላት ቀረሁ እኮ።"

"ለምን አላልካትም?"

"ታለቅሳለቻ!"

ቀጭ።

እናቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "እኔ እኮ የረሳኝ መስሎኝ ነበር" አለች።

ወገኖቼ፣ እኛስ? "ጌታ ሆይ፣ አልሰማህም" እያልን ስንት ጊዜ ድምፅ ጨመርን? የጎደለን ጩኸት ነው እንዴ? በመዝሙሩ ሰዓት ሁላችን እንሞቃለን። ጸጥ ሲልስ? በዚያች ጸጥታ ውስጥ ማን ሳይበርድ ይቆያል?

ደግሞስ የናፈቃችሁ እናንተ ብቻ ይመስላችኋል? ዝም ያላችሁ አምላክ የረሳችሁ ይመስላችኋል?

በጸጥታ ውስጥ መጋል ቀላል ነው አልላችሁም። ያ ክላስ ኤ በሁለት ዓመት አራት ጊዜ ተቃጥሎ ተጠግኗል። ሆኖም ቆዩ። ምንም በማይሰማበት ሰዓት ቆዩ።

የይልቃል ንግግር ስምንት ሰከንድ ነው። አምፕሊፋየሩ ከዚያ በፊት አርባ ደቂቃ ያህል በዝምታ ጋለ።