አንዲት ፊደል እና የትርንጎ ጉንጭ

አንድ ፎቶ አስተካካይ ነበር፤ ስሙ አምሳሉ። የሰውን ፊት በኮምፒውተር አጉልቶ፣ ብጉሩን አንስቶ፣ ጥላውን አቅልሎ፣ በመጨረሻም ለድረ ገጽ እንዲሆን አሳንሶ መላክ እንጀራው ነበር።

አምሳሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ጥበብ ተምሯል። ከክፍሉ አንደኛ ስለነበር በዚያው በረዳት መምህርነት እንዲቀር ስሙ በዝርዝር ገብቶ ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሙ በነጭ ቀለም ተደልዞ በላዩ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ አገኘው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም በሚባልበት አገር ያ ወረቀት ጸደቀ። ስሙን የደለዘችው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ደግሞ በመንገድ ባገኘችው ቁጥር አንገቷን ደፍታ ታልፋለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ "እኔ ነኝ" አላለችም። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፏል፤ ያቺ ነጭ ቀለም ግን ከአምሳሉ ዓይን አልጠፋችም።

የተቀጠረበት ስቱዲዮ ባለቤት ጋሽ ድንበሩ ቁጡ ሰው ነው። ትእዛዙን በብጣሽ ወረቀት ይጭርና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጥፈዋል። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። "ምን ማለት ነው?" ብሎ የጠየቀውን በደንበኛ ፊት ያዋርደዋል፦ "ታዲያ ዲግሪህን በምን አነበብከው?"

አምሳሉ ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል። አንድ ሽማግሌ መምህሩ "የሳምንት እንግዳን አስወጣ፤ ባለቤቱን ግን አትንካ" ይሉት ነበር። እንግዳው ዛሬ ወጥቶ ነገ የሚጠፋው ብጉር ነው። ባለቤቱ ጠባሳው፣ ማርያም የሳመችው ምልክት፣ የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ለድረ ገጽ የሚላክ ፎቶ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምስሉ ሲያንስ የቆዳው ዝርዝር በራሱ ጊዜ ይሟሟልና፣ አስቀድሞ እንደ ግድግዳ የለሰኑት ፊት ሲያንስ እንደ ሰም ሻማ ይሆናል።

አንድ ዓርብ ትርንጎ የምትባል ወጣት ወደ ስቱዲዮው መጣች። የሀገር ልብስ የሚያመርት አንድ ድርጅት ልብሱን ለብሳ የምትታይለትን ሴት ሊመርጥ ነበር። መጀመሪያ ፎቶ በድረ ገጹ ይላካል፤ ያለፉት በአካል ይጠራሉ። ትርንጎ ግራ ጉንጯ ላይ ምስር የምታክል፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አለች። ስትስቅ ምልክቷም አብራት ትስቃለች።

ጋሽ ድንበሩ ፎቶዋን አነሳና ብጣሹን ለጠፈ። "ግራ ጉንጭ፦ አጥ..." ይላል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ራ ትሁን ፋ አትለይም።

አምሳሉ ሁለቱን ንባብ መዘነ። "አጥራ" ከሆነ ቆዳውን አጽዳ፣ ባለቤቱን ተው ማለት ነው። "አጥፋ" ከሆነ ምልክቷን ድራሿን አጥፋ ማለት ነው። የትርንጎን ቆዳ አራት እጥፍ አጉልቶ እያየ፣ ያቺን አንዲት ፊደል የሚያጎላበት ነገር አጣ። ሊጠይቅ ተነስቶ በሩ ጋ ደረሰ። ጋሽ ድንበሩ ከደንበኞች ጋር ሲስቅ ሰማና ተመለሰ።

"ብተወው ይቆጣኛል፤ ባጠፋው ማን ይቆጣኛል?" አለ በልቡ።

አጠፋው። እጁ አንዴ ከለመደ ጉንጩንም ግንባሩንም ለሰነው፤ ከዚያ አሳንሶ ላከው። በድንጋጤው ደግሞ የለሰነውን በዋናው ፎቶ ላይ ደርቦ አስቀመጠው።

በሳምንቱ ትርንጎ እያለከለከች መጣች።

"ወንድሜ፣ ድርጅቱ በአካል ጠርቶኝ ስሄድ በር ላይ መለሱኝ። 'ፎቶው ላይ ያለችው ታናሽ እህትሽ ናት?' አሉኝ።"

"መታወቂያሽን አላሳየሽም?"

"አሳየሁ እንጂ! 'መታወቂያው ያንቺ ነው፤ ፎቶው ግን የሰው ነው፤ አጭበርብረሻል' አሉኝ። ያልተነካውን ፎቶ እስከ ስድስት ሰዓት ካላመጣሁ ስሜ ይሰረዛል።"

"ይሰረዛል" ሲባል አምሳሉ ቀና ብሎ አየ። የግድግዳው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ፋይሉን ከፈተ፤ ሻማዋ ሴትዮ አፈጠጠችበት። የካሜራውን ካርድ ፈለገ፤ ጋሽ ድንበሩ ቅዳሜ ባዶ አድርጎታል። እንደገና ፈለገ። አንድ የጠፋ ነገር ሁለቴ ስለፈለጉት አይገኝም።

ጋሽ ድንበሩ ጫጫታውን ሰምቶ ገባ፤ ብጣሹንም ከስክሪኑ ላይ ነቀለው።

"አጥራ ነው ያልኩት! ራ! ይቺ ምኗ ፋ ነው? ፊደል ሳትለይ ነው ዲግሪ የሰጡህ?"

አምሳሉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። እውነትም ራ ነበረች።

ትርንጎ አልጮኸችም። ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ማርያም የሳመችኝ አንተን ምን በደለችህ?" አለችው።

"ታዝዤ ነው" ሊል ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ያኔ ያቺ ጸሐፊ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ታየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተጸየፈው አንገት የራሱ አንገት ሆኖ አገኘው። ኮቱን አነሳ።

"ወዴት ነው?" አለ ጋሽ ድንበሩ።

"አብሬያት ሄጄ እናገራለሁ።"

"ይቺን በር ከወጣህ ተመልሰህ እንዳትገባ! የስቱዲዮዬን ስም ልታጠፋ ነው?"

"አይ ጋሼ፣" አለ አምሳሉ፣ "ላጠራው ነው።"

ታክሲው በየመብራቱ ቆመ። ትርንጎ ሰዓቷን፣ አምሳሉ ጫማውን እያዩ ደረሱ። ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው በድርጅቱ የምርጫው ዳኛ ፊት ቆሙ፤ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ ዋናው ፎቶ የለም። የደለዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም" አለ።

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም። ፈርቼ ነው።"

ሴትዮዋ የትርንጎን ጉንጭ አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። "እሷ ትግባ" አሉ። "አንተ ግን ሁለተኛ የሰው ፊት አትንካ።"

ትርንጎ በራሷ ፊት ገባች። አምሳሉ ውጭ ቀረ፤ ሥራም የለው፣ ያመሰገነውም የለ። የተወሰደበት ወንበርም አልተመለሰለትም፤ የወሰደበት ሰው ዛሬም ተመቻችቶ ተቀምጦበታል። ግን ሰባት ዓመት ከሌላ ሰው አፍ የጠበቃት ቃል በዚያች ቀን ከራሱ አፍ ወጣች።

ወዳጄ፣ በጥራት እና በጥፋት መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ እሷንም ፍርሃት ይለውጣታል። የተደለዘ ሰው ሌላውን የመደለዝ ፈቃድ አልተሰጠውም። ለማሳመር ብለህ ሰውን ስታስተካክል እንግዳውን አስወጣ፤ ባለቤቱን አትንካ። ያልገባህን ትእዛዝ ደግሞ ብትዋረድም ጠይቅ፤ የአንድ ቀን ውርደት የሰው ስም ከማጥፋት ይሻላል።

አንተስ? "ታዘዝኩ" ብለህ፣ ወይም ፈርተህ የደለዝከው ሰው ማነው? "እኔ ነኝ" እስክትለው እየጠበቀህ ይሆናል፤ ሰዓቱም ስድስት ሊል ነው።