አበባ የጠገበው የትርንጎ ስልክ

ኪኪኪ! ቆዩ እስቲ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። ዋናው ገና ነው፤ መጨረሻ ላይ እትዬ አስካለ ያሉትን ስትሰሙ ሆዳችሁን ትይዛላችሁ።

መምህርት ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ከሰዓት በኋላ ለአምስተኛ ክፍል ልጆቿ ልብ ሲመታ ማሳየት። ባለፈው በጠመኔ ብትስለው፣ «ቲቸር፣ ድንች ነው?» ብለው አሳቀቋት! እና ኢንተርኔቱን ስታስስ ስታስስ አገኘችው፤ ቀይ፣ ሕያው፣ ድም ድም የሚል ልብ፣ በቪዲዮ! እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልታወርደው ስትል ግን ቪዲዮው፣ «ስልክሽ ቦታ የለውም፣ አልወርድም» አለ።

«ስልኬ፣ ቦታ ስጠው እንጂ! ቪዲዮው አልወርድ አለ።»

ስልኩም፣ «ይሄን ሁሉ አበባ ታቅፌ? ፍላሹ ካልተሸከመልኝ አልሰጥም» አለ። አበባው ምን መሰላችሁ? አክስቷ እትዬ አስካለ በየማለዳው የሚልኩላት፣ ምርቃት የተጻፈበት ሥዕል ነው። የታላቅ ምርቃት ደግሞ እንዴት ይጠፋል? ነውር ነዋ!

ፍላሹን አነሳች። «ፍላሽ፣ አበባውን ተሸከም! ስልኩ ቦታ አልሰጥ አለ፣ ቪዲዮው አልወርድ አለ።»

«የእህትሽን የሰርግ ቪዲዮ ከነመልሱ ተሸክሜ የለም እንዴ? ኮምፒውተሩ ካልተቀበለኝ አልችልም» አለ ፍላሹ።

ወደ ምናሴ ፎቶ ቤት በረረች። «ኮምፒውተር፣ ሰርጉን ተቀበል! ፍላሹ አልሸከም አለ፣ ስልኩ ቦታ አልሰጥ አለ፣ ቪዲዮው አልወርድ አለ!»

ኮምፒውተሩ ጭጭ። መብራት ጠፍቷላ! ምናሴ በአገጩ ወደ ጓሮ እያመለከተ፣ «ጀነሬተሩን ለምኚው» አላት።

«ጀነሬተር፣ ተነስ! ኮምፒውተሩ አልቀበል አለ፣ ፍላሹ አልሸከም አለ፣ ስልኩ ቦታ አልሰጥ አለ፣ ቪዲዮው አልወርድ አለ!»

ጀነሬተሩ እህ እህ ብሎ ሳለና፣ «ቤንዚን ሳልጠጣ አልነሳም» አለ።

ወጥታ ባለባጃጁን ደጉን አስቆመች። «ደጉ፣ በሞቴ ትንሽ ቤንዚን! ጀነሬተሩ አልነሳ አለ፣ ኮምፒውተሩ አልቀበል አለ፣ ፍላሹ አልሸከም አለ፣ ስልኩ ቦታ አልሰጥ አለ፣ ቪዲዮው አልወርድ አለ!»

«ቲቸርዬ፣ ያለችኝ እኮ እትዬን እድር የማደርስባት ናት። እሳቸው ይፍቀዱ።»

ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ብቅ ያሉት ማን ናቸው? እትዬ አስካለ ራሳቸው!

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

«እትዬ፣ ደጉ ቤንዚን አልሰጥ አለ፣ ጀነሬተሩ አልነሳ አለ፣ ኮምፒውተሩ አልቀበል አለ፣ ፍላሹ አልሸከም አለ፣ ስልኩ ቦታ አልሰጥ አለ፣ ቪዲዮው አልወርድ አለ!»

«ስልኩን ምን ሞላው?»

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች፣ «የእርስዎ ምርቃት ነው፣ እትዬ። ማጥፋት ፈርቼ።»

እትዬ አስካለ ባጃጁ እስኪነቃነቅ ሳቁ። «የኔ ሞኝ! ምርቃቱማ አንቺ ላይ አርፏል፤ ስልኩ ላይ የቀረው አበባው ነው። ጥረጊው!»

ጠረገችዋ! ስልኩ ቦታ ሰጠ፣ ቪዲዮው ወረደ! ፍላሹ ሰርጉን እንደተሸከመ፣ ኮምፒውተሩ እንደተኛ፣ ጀነሬተሩ እንደጠማው ቀረ፤ ባጃጁም ወደ እድሩ ተፈተለከ። ትርንጎ እዚያው ቆማ፣ በአበባው መሃል ተበታትኖ የከረመውን የትምህርት ማስታወሻ ሁሉ በየፎልደሩ ከተተች፤ ልብን ከልብ፣ ሳንባን ከሳንባ፣ አጥንትን ከአጥንት።

ከሰዓት ክፍሉ ሁሉ ስልኳን ከበበ። ልቡ ድም ድም ሲል ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። ድንች ያለ የለም! ይሄኔ ስልኩ ጢን አለ። አንድ ትልቅ ጽጌረዳ፣ ከሥሩም የእትዬ አስካለ የድምፅ መልእክት፦

«ልጄ፣ አሁን ቦታ አለሽ አይደል? በይ ያዢ!»