የላዳዋ ደንብ

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዟ ከወር ወር አላደርስ ቢላት፣ ሟች ባሏ በተወላት አሮጌ ላዳ የሰፈሯን ሰዎች ጠዋት ጠዋት ወደየሥራቸው እያደረሰች ኑሮዋን መደጎም ጀመረች። ላዳዋ ዳገት ባየች ቁጥር መቆም ትወድ ነበርና ደንቡ አንድ ነው፤ የተሳፈረ ሁሉ ወርዶ ይገፋል።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቷ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጥላዬ መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ኖሮ፣ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጋቢናውን ያዙ። ላዳዋም እንደ ልማዷ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላ የተሳፈሩት መምህሩ፣ ነርሷና ልብስ ሰፊው ዱብ ዱብ ብለው ወረዱና ይገፉ ጀመር። አቶ ጥላዬ ግን ከረቫታቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ።

«ስሚ» አሏት፣ አቧራው እንዳይገባ መስኮቱን እየዘጉ። «ይህ የትርፍ ሥራሽ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? ጥቅም ነው ካልሽኝ ልብሽ ከቢሮ ውጭ ነውና አሰናብትሻለሁ። ጉዳት ነው ካልሽኝ ደግሞ ጉዳቷን እያወቀች ለምትለፋ ሞኝ መዝገብ አላስይዝም።»

ሴትዮዋ መሪዋን እንደጨበጠች በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ሦስቱም ላብ በላብ ሆነዋል።

«ሁለቱም አለው፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ጥቅሙ ያውና ከኋላ እየገፋኝ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ጋቢና ቁጭ ብሎ ይጠይቀኛል።»

አቶ ጥላዬ ከረቫታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተቱና ወረዱ።